ስድስት ሽጉጥ፣ አራት ስልክ፣ አንድ ዝርዝር፦ የኮምቦልቻው መጋዘን የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 2፣ 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ሰኞ ለደሴ የገበያ ቀን ነው። ፒያሳ ያለችው የጥገና ሱቄም ሰኞ ፋታ የላትም። ገጠሬው ገበያ ሲወጣ የታመመ ስልኩንም ይዞ ይወጣል። ዛሬ ግን ከሁሉም ቀድመው የደወሉልኝ ሐጂ ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ የጅምላ ማከፋፈያ አላቸው። ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ የሌለ ነገር የለም።

«ልጄ፣ ዱባይ ያለው የእህቴ ልጅ አንድ ካርቶን ዕቃ ልኮልኛል። ቆጠራ ያቀልላል አለኝ። እኔ እንደሆን ምኑም አልገባኝ።»

«ሐጂ፣ ነገ ወርጄ አየዋለሁ። አብሽሩ» አልኳቸው።

የመጋዘኑ ቆጠራ እስካሁን በደብተር ነው። አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ሲቆጥሩ አይቻቸዋለሁ። ጠሪው «አርባ ሁለት!» ሲል ጻፊው ስልክ ያነሳል። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላህ ይወቀው።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ጠዋት ከደሴ ስወጣ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቼ ሚኒባስ ገባሁ። ሐረጎን ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬቱ ክንዴ ላይ ነው። መንገዱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር።

ካርቶኑ ውስጥ ስድስት በእጅ የሚያዙ የባርኮድ ማንበቢያዎች አሉ። ያገለገሉ ናቸው። እጀታና ቃታ አላቸው፤ ቃታውን ሲስቡት ቀይ መስመር ይወጣል። ጫኝና አውራጆቹ አንዴ አይተው ስም አወጡላቸው፦ ሽጉጥ። ስሙ በዚያው ጸደቀ። (ለማስታወስ ያህል፦ ማታ ስመለስ ሁለቱን ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ስልክ ተደወለልኝ። «አዎ፣ ሁለቱ ሽጉጦች እኔ ጋ ናቸው» አልኩ። መኪናው ሙሉ ዞሮ አየኝ። ከዛሬ ጀምሮ በስልክ «ማንበቢያ» ነው የምላቸው።)

ጀርባቸው ላይ የሲምቦል ስም አለ። ይህን ድርጅት በ2007 እንደ ፈረንጆቹ ሞቶሮላ ገዛው፤ በ2014 ደግሞ ክፍሉ ወደ ዚብራ ዞረ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዕቃ በሦስት ስም ገበያ ላይ ይገኛል። መረጃ ስትፈልጉ በሦስቱም ስም ፈልጉ። እኔ በአንዱ ብቻ ስፈልግ አንድ ሰዓት አቃጥያለሁ።

ሰባት ባትሪ አለ። ሁለቱ አብጠዋል። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፤ አይጨቆንም፤ አይወጋም። በቆርቆሮ ጣሳ አሸዋ ውስጥ ከትቼ ከቤት ውጭ አስቀመጥኳቸው። የቀሩት አምስቱ እየተፈራረቁ ይሞላሉ። ለስድስት ሽጉጥ አምስት ባትሪ ማለት ነው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ሁሉም በሩ። ውስጣቸው ያለው ዊንዶውስ ሞባይል ነው። ባትሪ ሳይኖራቸው ብዙ ስለቆዩ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ሄዷል። አስተካከልኩ። ወደ ዋናው ነገር ገባሁ፦ ዋይፋይ።

የመጋዘኑ ራውተር አዲስ ነው፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የእኔ ስልክ በሙሉ ምልክት ይይዘዋል። ሽጉጦቹ ግን የጎረቤቱን ጋራዥ ያሳያሉ፣ የመንገድ ማዶውን ካፌ ያሳያሉ፣ የራሳችንን አያሳዩም። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሆነው!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንቴና ነበር። ስህተት። አንቴናው ቢሞት የካፌውንም ባላየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋይፋይ ደረጃ (ስታንዳርድ) ስም ከኋላው ፊደል አለው። 802.11ቢ በ1999 ወጣ (ከዚህ በኋላ ያሉት የቴክኖሎጂ ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፤ በሰከንድ እስከ 11 ሜጋቢት ነው። ጂ በ2003 መጣ፤ እስከ 54። ኤን በ2009። እነዚህ ሽጉጦች የሚያውቁት ቢ እና ጂን ብቻ ነው፤ ያውም 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ። 54 ሜጋቢት ዛሬ ይናቃል፤ ግን አንድ የሳሙና ካርቶን ባርኮድ 13 አኃዝ ነው። ለ13 አኃዝ 11 ሜጋቢትም ቅንጦት ነው።

ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ሦስት ነገር አገኘሁ። አንደኛው፣ ቻናሉ (የሬዲዮው መስመር) «አውቶ» ላይ ተደርጎ ራሱ 13ን መርጧል። የሽጉጦቹ ሬዲዮ ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ የተስተካከለ ነው፤ እዚያ የሚሠራው ከ1 እስከ 11 ነው። 12ና 13 ላይ ያለ ኔትወርክ ለእነሱ የለም ማለት ነው። ደካማ ሆኖ እንኳ አይታይም፤ በቃ የለም። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ደህና ዕቃ «ተበላሽቷል» ብሎ ጥሎ ይሆን?

ወደ 6 ቀየርኩት። ወዲያው ታየ። በማየትና በመግባት መካከል ግን ገና መንገድ ነበር።

ሁለተኛው፣ ራውተሩ አሮጌዎቹን ፊደላት እንዳይቀበል ተደርጓል። «ቅልቅል» ወደሚለው መለስኩት። ሦስተኛው ጥበቃው፣ ማለትም ፓስወርዱ የሚሠራበት የመቆለፊያ ዓይነት ነው፦ ደብሊውፒኤ2 እና 3 አንድ ላይ። 3 በ2018 የመጣ ነው። በዚህ ቅልቅል አሮጌ መሣሪያ በ2 መግባት ነበረበት። ነገር ግን አንዳንዱ ራውተሩ በሚያሰራጨው ማስታወቂያ ላይ የማያውቀውን ነገር ሲያይ ይደናገርና ይተወዋል። ደብሊውፒኤ2 ብቻ አደረግኩት። አራቱ ሽጉጦች ገቡ። እልል ልል ነበር።

ሁለቱ እምቢ አሉ። እነሱን ነገ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

የሐጂ ሒሳብ ሠራተኛ ጎበዝ ልጅ ናት። ራውተሩ ላይ «የተፈቀዱ መሣሪያዎች» የሚል ቦታ አይታለች። «የእኛን ዕቃዎች ብቻ መዝግበን ሌላውን ለምን አንዘጋም?» አለችኝ። የጫኞቹ ስልክ ሁሉ በመጋዘኑ ዋይፋይ ቲክቶክ ያያል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። እሺ አልኩ።

ለዚህ የእያንዳንዱ መሣሪያ ማክ አድራሻ ያስፈልጋል። ማክ አድራሻ የኔትወርክ ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ቁጥር ነው። አሥራ ሁለት ቁምፊ አለው፤ ሁለት ሁለት እየተደረገ ይጻፋል። ራውተሩ የሚሰጠው አይፒ አድራሻ እንደ ተከራይ ቤት ቁጥር ነው፤ ሰውዬው ቤት ሲቀይር ይቀየራል። ማክ ግን እንደ መኪና የሻንሲ ቁጥር ነው፤ አብሮ ተቀርጾ ይመጣል። ቢያንስ ዛሬ ጠዋት የማምነው እንደዚያ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቁምፊዎች የአምራቹ ናቸው። ታርጋ ላይ «አማ» ስታይ መኪናው አማራ ክልል እንደተመዘገበ እንደምታውቀው ማለት ነው። አይ ትሪፕል ኢ የሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው ለየአምራቹ የሚያድለው። የቀሩት ስድስቱን አምራቹ ራሱ እየቆጠረ ይሰጣል። በአንድ መነሻ 16,777,216 መሣሪያ መቁጠር ይቻላል። ከሽጉጦቻችን የአራቱ የሚጀምረው በ00-ኤ0-ኤፍ8 ነው። ይህ የሲምቦል ነው። ስማቸው ቢፋቅ እንኳ በዚህ ይታወቃሉ።

አድራሻው ባትሪው ሥር ባለው ተለጣፊ ላይ ተጽፏል። ተለጣፊው ግን የስንት ሰው ላብ ያየ ነው። 8 እና ቢ ይምታታሉ፤ 0 እና ዲ ይምታታሉ። አንድ ነገር ይረዳል፦ በማክ አድራሻ ውስጥ ከ0 እስከ 9 ካሉ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ካሉ ፊደላት ሌላ የለም። ስለዚህ ክብ ነገር ካየህ ዜሮ ነው፤ ኦ የሚባል ፊደል እዚያ ሰፈር አይኖርም። ልጅቷ አንድ ቦታ ላይ ኦ ጽፋ ራውተሩ «ስህተት» ሲላት ነው ይህን የነገርኳት።

ከዚያ የራሴ ስህተት። ስድስቱን መዘገብን፣ ዝርዝሩን አበራን፣ ሁለቱ ሽጉጦች ብቻ ገቡ። ከገቡት አራት ውስጥ ሁለቱ ወጡ! ፊደል በፊደል አመሳከርን። ትክክል ነው። ሻይ ጠጣን። እንደገና አመሳከርን። ትክክል ነው።

ከምሳ በኋላ ነው የነቃሁት። ተለጣፊው ላይ ሁለት አድራሻ አለ። አንዱ የዋይፋይ፣ አንዱ የብሉቱዝ። ሁለቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ ያሉ ሁለት ሬዲዮዎች ናቸው፤ ለየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በሁለቱ ላይ የብሉቱዙን ነበር የገለበጥኩት። ግማሽ ቀን! ከዚህ በኋላ ተለጣፊ አላይም። የሽጉጡን የዋይፋይ ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ ከፍቼ ከስክሪኑ ነው የምገለብጠው። ስክሪኑ አያልበውም።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ጁምዓ። ከሰላት በፊት አንድ ሰዓት ሠራን። ከሰላት በኋላ መብራት ሄደ። እኔም ወደ ደሴ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሱቄን ለረዳቴ ጥዬ ወረድኩ። ሁለቱ እምቢተኞች።

ሞዴላቸው ከአራቱ ጋር አንድ ይመስላል፤ የሬዲዮ ሶፍትዌራቸው ግን የቆየ ነው። የጥበቃ ምርጫውን ስከፍት ያለው ዌፕ እና የመጀመሪያው ደብሊውፒኤ ብቻ ነው። ዌፕ በ2001 ነው በሦስት የምስጢር ጽሑፍ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ወገቡ የተሰበረው። ዛሬ በላፕቶፕ በደቂቃዎች ይከፈታል። የመጀመሪያው ደብሊውፒኤ በ2003 የመጣ መጠገኛ ነው፤ የሚጠቀመው ቲኬአይፒ የሚባለውን መንገድ ነው። ራውተሩን ወደዚያ ካወረድኩት ለሁለት ዕቃ ብዬ ኔትወርኩን ሁሉ አወርዳለሁ፤ ኤን የሚባለው ፍጥነት ራሱ ከቲኬአይፒ ጋር አይሄድም።

ልጅቷ እንዲህ አለች፦ «ዝርዝሩ አለ አይደል? ፓስወርዱን እናንሳው። ያልተመዘገበ አይገባም። በዚያ ትንሽ ቁልፍ ፓስወርድ መምታትም እንገላገላለን።»

ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ድሮ እኔም። መከራከር ስለማልወድ አሳየኋት። ፓስወርዱን አነሳን፤ ዝርዝሩ በርቷል። ሐጂም ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሊኑክስ ያለበትን ላፕቶፔን አወጣሁ። ዋይፋይ ሬዲዮ ነው። መሣሪያው ለራውተሩ የሚልከው እያንዳንዱ የመረጃ ቁራጭ ላይ የላኪው ማክ አድራሻ በግልጽ ይጻፋል፤ ፓስወርድ ቢኖርም እንኳ የሚቆለፈው ውስጡ እንጂ ፖስታው አይደለም። ስለዚህ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው የተፈቀዱትን አድራሻዎች ያነባል። አነበብኩ። አንደኛውን ሽጉጥ አጠፋሁ። የላፕቶፔን አድራሻ በእሱ አድራሻ ቀየርኩት። ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው። ገባሁ። ራውተሩ «ሽጉጥ 3» ብሎ በስሙ ተቀበለኝ።

ሽጉጡን መልሼ ሳበራው ደግሞ ሁለቱም መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ሳቅንበት። (ይህን ምልክት ያን ቀን በደንብ ብይዘው ኖሮ ቅዳሜ አልቸገርም ነበር።)

ሐጂ ጺማቸውን እየዳሰሱ «እንግዲህ ይህ የዘበኛው ደብተር ነው» አሉ። «ስምህ ማነው ይላል፣ የነገሩትን ይጽፋል። መታወቂያ አያይም።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ሻንሲ ቁጥር ያልኩትን ሰረዝኩ። ቁጥሩ ከፋብሪካ ቢመጣም በየጊዜው ለራውተሩ የሚነግረው መሣሪያው ራሱ ነው፤ ራውተሩ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ፓስወርዱ ተመለሰ። ዝርዝሩንም አላጠፋነውም፤ ቲክቶክን ለመከልከልና ማን እንደገባ በስም ለማየት ይበቃል። ደብተርም እኮ ጥቅም አለው።

ሁለቱ አሮጌዎች? ዋይፋያቸውን አጠፋሁት። ቆጥረው ውስጣቸው ይይዛሉ፤ ማታ በዩኤስቢ ይገለብጣሉ። ለዚህ ዊንዶውስ 7 ያለበት አሮጌ ላፕቶፕ ከሱቄ አመጣሁ፤ አዲሶቹ ዊንዶውሶች ከእነዚህ ጋር ሲነጋገሩ ይነጫነጫሉ። የዋይፋይ ባትሪ ስለማይበሉ ሁለቱ አሁን ከሁሉም ረጅም ሰዓት የሚሠሩት ሆነዋል። ይገርማል።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

አራት ሽጉጥ በዋይፋይ አይበቃም። ሐጂ አራት አንድሮይድ ስልክ አመጡ። በካሜራ ባርኮድ የሚያነብ መተግበሪያ ጫንኩ። የስልኮቹን አድራሻ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ቦታ ገልብጬ መዘገብኩ። አንዳቸውም አልገቡም።

ይህን እንኳ አውቀዋለሁ። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ ስልኩ ለየኔትወርኩ የፈጠራ አድራሻ ነው የሚሰጠው። አይፎንም ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ እንዲሁ። ምክንያቱ ክፉ አይደለም። ስልክህ በየሄድክበት አንድ ቁጥር ከጮኸ፣ የገበያ ማዕከሉም ሆቴሉም «ይህ ሰው ትናንት እዚህ ነበር» ማለት ይችላሉ። ስለዚህ በየቦታው ሌላ ስም። መኪና ሲገባ እንደሚለጠፍለት ተላላፊ ታርጋ ነው።

የፈጠራውን መለየት ቀላል ነው። ሁለተኛዋን ቁምፊ እዩ። 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነች አድራሻው ከፋብሪካ አይደለም፤ መሣሪያው ወይም ሰው የፈጠረው ነው። ይህን በቃላችሁ ያዙት። ራውተር ላይ የማታውቁት ዕቃ ስታዩ አምራቹን ፍለጋ ከመድከማችሁ በፊት ሁለተኛዋን ቁምፊ ማየት ብቻ ነው።

ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ የፈጠራውን መመዝገብ። ሌላው በስልኩ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ የስልኩን እውነተኛ ማክ ተጠቀም ማለት። እኔ ቀላሉን መረጥኩ፤ የፈጠራዎቹን መዘገብኩ። ገቡ። ወደ ቤቴ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሚካኤል ነው። ረዳቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፤ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያጨሳል። ሱቁን ግማሽ በር ከፍቼ በጢሱ መካከል ተቀምጫለሁ።

ልጅቷ ደወለች። «አራቱም ስልክ ወጡ።»

«ምን ነካችሁ?»

«ምንም። የዋይፋዩን ስም ብቻ ነው ያሳመርኩት። የድርጅቱን ስም አድርጌዋለሁ።»

አይ ልጄ! የፈጠራ አድራሻው የሚሠራው ከኔትወርኩ ስም እየተነሣ ነው። ስሙ ሲቀየር ለስልኩ ሌላ ኔትወርክ ነው፤ ሌላ አድራሻ ይወልዳል። ሽጉጦቹ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ስለሚያውቁ አዲሱ ስም ሲጻፍላቸው በድሮ አድራሻቸው ገብተዋል። ስልኮቹን ሁሉ በእውነተኛው አድራሻ አድርጊያቸው፣ መጀመሪያ የመዘገብኩት እሱው አለ አልኳት። ይህ ነው ለቅዳሜ ጉድጓድ የቆፈረልኝ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሁለት ስልኮች አብረው መሥራት አልቻሉም። ስልክ 2 ሲገባ ስልክ 4 ይቋረጣል። 4 ሲመለስ 2 ይወጣል። ጫኞቹ «ጣውንት ናቸው» እያሉ ይስቃሉ። ልጅቷ ደግሞ መጀመሪያ ሲመዘገቡ የሁለቱ ቁጥር አንድ ስለሆነ ራውተሩ ሁለተኛውን «ተመዝግቧል» እንዳለኝ አስታወሰችኝ። እኔ ያኔ «ደግሜ ነክቼው ነው» ብዬ አልፌዋለሁ።

ስልኮቹን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አንድ ሞዴል። የሁለቱም ማክ አድራሻ፣ አሥራ ሁለቱም ቁምፊ፣ አንድ ነው። የሰኞው ላፕቶፕና ሽጉጥ ትዝ አሉኝ። ያኔ ሆን ብዬ ያደረግኩት ነገር አሁን ራሱን አድርጎ ተቀምጧል።

ከፋብሪካ ሁለት ዕቃ በአንድ ቁጥር ወጣ ማለት ነው? ይህን ብዬ ፋብሪካውን ልረግም ስል የአንደኛውን ጀርባ ገለበጥኩ። ከውስጥ የሱቄ ተለጣፊ አለ። ሌላኛውንም ገለበጥኩ። የሱቄ ተለጣፊ።

ሁለቱም አምና «አርማው ላይ ቆመ» ተብለው እኔ ጋ የመጡ ናቸው። ሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው ናቸው። ፍላሽ ሳደርጋቸው (ሶፍትዌራቸውን እንደ አዲስ ስጭን) አንደኛው የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ «ኤንቪራም ዋርኒንግ» የሚል ስም ማሳየት ጀመረ። የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል። ኤንቪራም ስልኩ ማክ አድራሻውን፣ አይኤምኢአዩን (የስልኩን መለያ ቁጥር)፣ የሬዲዮውን ማስተካከያ የሚያስቀምጥበት ክፍል ነው። እሱ ሲጠፋ ሬዲዮው ስሙን ይረሳል። እኔስ ምን አደረግሁ? ከሌላኛው ያነሳሁትን ባክአፕ እንዳለ ጫንኩበት። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፣ ዋይፋዩ ሠራ፣ ደንበኛው አመሰገነ። የአንዱን መታወቂያ ለሌላው ማደሌን ልብ አላልኩም።

አይኤምኢአዩን ለማየት *#06# መታሁ። እንደፈራሁት፣ አይኤምኢአዩም አንድ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። ሐጂን ጠርቼ ነገርኳቸው፤ «የኔ ጥፋት ነው፣ የኔ ሥራ ነው» አልኩ። «ከተያዘ ስህተት ነው፤ ከተደበቀ ነው ሌብነት» አሉኝ። የስልኩ የራሱ አይኤምኢአይ ባትሪው ሥር ተጽፏል፤ እሱኑ መለስኩለት።

ማክ አድራሻው ግን የትም አልተጻፈም። ካርቶኑ ላይ የለም፣ ተለጣፊው ላይ የለም። ያ ቁጥር ያለው ኤንቪራሙ ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ አጥፍቼዋለሁ። ከራሴ ቁጥር ልፍጠርለት? ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየች። ከዚያ ሳቄ መጣ። ስልኩ ራሱ የፈጠራ አድራሻ መሥራት ይችላል አይደል እንዴ! የሚሠራውም በውስጡ ባለ የራሱ ምስጢር ስለሆነ ከሌላው አይገጥምም። ሁለቱንም ወደ ፈጠራው አድራሻ መለስኳቸው፤ ሁለተኛዋ ቁምፊ አንዱ ላይ 6፣ ሌላው ላይ ኢ ሆነች። መዘገብኩ። ሁለቱም በአንድ ላይ ሠሩ።

ለልጅቷ የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዋይፋዩን ስም ከእንግዲህ አትንኪው።

ማታ ደሴ ስገባ በቀጥታ ሱቅ ሄድኩ። ባክአፕ የማስቀምጥበትን ፎልደር ከፈትኩ። አሁን ለእያንዳንዱ ስልክ በአይኤምኢአዩ የተሰየመ የራሱ ፎልደር አለ፤ ፍላሽ ከመደረጉ በፊት የራሱ ኤንቪራም ይቀመጣል። አምና በዚያው መንገድ የሠራኋቸው ሌሎች ሦስት ስልኮች አሉ። ባለቤቶቹን ነገ እደውልላቸዋለሁ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

የሽፋን ሥራ። መጋዘኑ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፣ መደርደሪያው ብረት። ቢሮው ያለው ራውተር እስከ ፓስታው ድረስ ይደርሳል። ዘይቱ ጋ ሲደርስ ይሞታል። ጄሪካኑ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፣ ከኋላው ምልክቱ ወደ ሲቀነስ 85 ዲቢኤም (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ) ይወርዳል። ከሲቀነስ 70 በታች ሲሆን ሽጉጡ መዘግየት ይጀምራል። ሁለተኛ ማሰራጫ በገመድ ስቤ መሐል ምሰሶው ላይ ሰቀልኩ፣ ከዕቃው ቁልል በላይ። አንዱን ቻናል 1፣ አንዱን 11 አደረግኩ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ 6 ላይ ጋራዡ አለ።

አንድ እንቆቅልሽ ቀረ። ማውረጃው በር አጠገብ ሁልጊዜ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይቋረጣል። ከሰዓት ይሠራል። ሁለት ቀን ስለ ራውተሩ ፕሮግራም ሳሰላስል ከረምኩ። ዛሬ 4 ሰዓት ላይ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። አይሱዙው ወደ ኋላ እየተነዳ መጣ፤ የብረት ሳጥኑን በሩ ላይ አስጠግቶ ቆመ። ጫኞቹ የሚቆጥሩት ሳጥኑ ውስጥ ገብተው ነው! ብረት ሳጥን ውስጥ ቆሞ ሬዲዮ የሚፈልግ ሰው። መፍትሔው ቴክኖሎጂ አልነበረም። በሩ ላይ የሚቆጥሩት ዋይፋይ የማይፈልጉት ሁለቱ አሮጌ ሽጉጦች ሆኑ።

ሌላም ነገር። ሽጉጦቹ ባትሪ ለመቆጠብ ሬዲዮአቸውን ያስተኛሉ፤ ቃታ ሲሳብ ለመንቃት ትንሽ ይቆያሉ። ጫኞቹ ሰለቹ። ሁልጊዜ ንቁ አደረግኳቸው። ፈጣን ሆኑ፤ ግን ማታ ድረስ ይቆይ የነበረው ባትሪ ከቀትር በኋላ አለቀ። በመካከል ያለውን መረጥኩ። ማንም አልረካም፣ ማንም አላለቀሰም።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ሙሉ ቆጠራ። ጠዋት 3 ሰዓት ጀመሩ፣ ከአስር ሰላት በፊት አለቀ። በደብተር ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ከደብተሩ ጋር ሲመሳከር ሳሙና ላይ አሥራ አንድ ካርቶን ልዩነት ወጣ። ሁሉም ሽጉጦቹን ጠረጠሩ። ሐጂ ራሳቸው ተነሥተው ሄዱ፤ ካርቶኖቹ ከሸራ ሥር ተገኙ።

የተፈቀዱት ዝርዝር ታትሞ ቁም ሣጥኑ በር ውስጥ ተለጥፏል። ከየአድራሻው ጎን «ፋብሪካ» ወይም «ፈጠራ» የሚል በእጄ ጽፌበታለሁ። አምና የሠራኋቸው የሦስቱ ስልክ ባለቤቶች ሁለቱ መጥተው አስተካክያለሁ። ሦስተኛው ስልኩን ለወረባቦ ዘመዱ ሰጥቶታል፤ ለሚመጣው ሰኞ ገበያ ይዞት ይመጣል ተብያለሁ። የሽጉጥ 5 ባትሪ አሁንም ከ9 ሰዓት አያልፍም። ከአዲስ አበባ የሚያመጣልኝ ሹፌር እየፈለግሁ ነው።